ዐሥር ስም

የተማሪዎች ጉዳይ፣ ሦስተኛው በር፣ እኔ ነኝ፤
ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ካንገቴ የማይለየኝ።

ሰኔ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
አዌቱ ሞልቶ ደፍርሶ፣ የድልድዩን እግር ይገፋል።
ሩስዲ ገባ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ፣
ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ፣ ብብቱ ሥር ከትቶ።
አማርኛ የለመደው ካንቲን ወረፋ ላይ ነው፤
«አንቺ» ይለኛል፣ ሽበቴን እያየው።

«አንቺ ጋሽ ንጋቱ፣ ማላይ ነን፣ አገራችን ሩቅ፤
ክበብ እንፈልጋለን፣ አብሮ ለመብላት፣ አብሮ ለመሳቅ።»

«ስንት ናችሁ?» አልኩት። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤
ራሱን፣ ፋዝሊናን፣ ኑራይኒን... አራተኛው ጣት ቀረ።
ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አልታጠፍ አለ።
«ሐይካልስ?» ብለው፣ ዝናቡን ማየት ቀጠለ።

ነገሩን ከጥበቃው ከፊጣ ሰምቻለሁ፤
ፊጣ ያወቀውን እኔ መች አጣለሁ።
ኮቺ ሰፈር አብረው አንድ ክፍል ተከራይተው፣
የጋዝ ሲሊንደር ግማሽ ግማሽ ከፍለው ገዝተው፣
አንዱ ከሰሜን፣ አንዱ ከደቡብ ናቸው አሉ፣
ወጥ ውስጥ ስኳር ይግባ አይግባ ተባባሉ፤
ሐይካል ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም፤ ረመዳን ሄደ፣ አረፋ መጣ።

(አትሳቁ። ከወንድሜ ጋር አጥር እንዋሰናለን፤
ለአንድ ክንድ መሬት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደተኳረፍን አለን።)

ደንቡን አነበብኩለት፦ «ከዐሥር ያነሰ ክበብ አይባልም።»
«ዐሥር ማላይ?» አለ ደንግጦ። «ደንቡ ዘር አይጠይቅም።»

ሳምንት ቆይቶ መጣ፣ ወረቀቱ ሞልቶ፣
ስድስት አዲስ ፊርማ፣ ግማሹ በዝናብ ጠፍቶ።
«ይሄ ማነው?» «ሒርሲ። ከቀብሪ ደሃር። ሩዝ በጣም ያውቃል።»
«ይህችስ?» «ኛኬም። ከኢታንግ። ቤቷ ወንዝ ዳር ነው፤ የኔም ወንዝ ዳር ይገኛል።»
አይዳሒስ ከዱብቲ፣ በጅማ ዝናብ ጉንፋን የማይለቀው፤
የቦንጋ መንታዎች፣ አንዱን ከአንዱ ማን ለየው፤
ናስሩ ደግሞ የሂርማታ፣ አባቱ በርጩማ ጠራቢ፤
«አንተ ቤትህ አይደል?» ብለው፣ «እንግዳ» አለኝ «መች ያጣል አጃቢ!»

ለካስ ለስንቱ ልጅ ጅማ ባሕር ማዶ ነች፤
ለእኔ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነበረች።

ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ።
«አንድ ጎደለ» አልኩት። ሩስዲ ዝም ብሎ አየኝ።
ያቺው ጣቱ ዛሬም ቀጥ ብላለች።

በሩ ተንኳኳ።
ደጅ ላይ ባጃጅ ይንተፋተፋል፤
ሐይካል ነው፣ ከራስ እስከ እግሩ ይንጠፈጠፋል፤
ሲሊንደሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል።
ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። (ፊጣ ነው።)
እስክሪብቶ ለመነኝ፤ ስሙን ዐሥረኛው መስመር ላይ ጻፈው።
«ሞልቷል» አለ ለሩስዲ፣ ሲሊንደሩን እያስቀመጠ።
ሩስዲ አራተኛዋን ጣት አጠፈ፤ ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ሰጠ።

ማኅተሙን መታሁ። ቀለሙ ደርቆ ኖሮ ግማሹ ብቻ ወጣ፤
እንትፍ ብዬ ደገምኩት፤ ደንቡ ምራቅ አይከለክል፣ ማን ሊቆጣ?

ቅዳሜ ጠሩኝ። ኮኮናት ሂርማታ ገበያ የለም፤
ለውዝ ፈጭተው ጨመሩ፤ ሽታው ግን ክፉ አይደለም።
ሁለት ድስት ጥደዋል፦ ስኳር ያለውና የሌለው።
ኛኬም ከሁለቱም በላች፤ ሒርሲን ሚጥሚጣው አስለቀሰው።
ለእኔም ቀረበልኝ፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ቆሙ፤
«የትኛው ይሻላል?» አሉኝ።
«ደንቡ ላይ የለም» ብል፣ በሳቅ ታመሙ።

ሲመሽ በአጥሩ በኩል ሄድኩ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ።
የወንድሜ መብራት በርቷል። ቆምኩና ሳልኩ።
ጥቂት ቆይቶ፣
ከዚያ ማዶ እሱም ሳለ።